ስቴሽነሪ ገብቶ ስቴሽነሪ ያልወጣበት ፊልተር፦ አንድ ጥያቄ፣ 28 መልስ

ጥያቄው የተለጠፈው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ጠያቂዋ የአራተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ናት። አጻጻፏ ጨዋ ነው፤ መብገኗ ግን ያስታውቃል።

በክፍል የተማረችው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ ዘፈቀደ ሲግናል አለ እንበል። አማካዩ ዛሬም ነገም ያው ነው። በሁለት ቅጽበቶች ላይ ያሉት ዋጋዎቹ ያላቸው ዝምድናም የሚወሰነው በመካከላቸው ባለው የጊዜ ርቀት ብቻ ነው፤ ሰዓቱ ስንት ሆነ የሚለው ለውጥ አያመጣም። እንዲህ ያለው ሲግናል ስቴሽነሪ ይባላል። ሊኒየር በሆነና (የግቤቶች ድምር የውጤቶቻቸውን ድምር በሚሰጥበት) ጠባዩ በጊዜ በማይለዋወጥ ሲስተም ውስጥ ሲያልፍ የሚወጣውም ስቴሽነሪ ነው ተብላለች። ልጅቷ ይህንን በፓይተን፣ በፕሮግራም ቋንቋው፣ በዓይኗ ልታየው ፈለገች። እምቢ አላት።

ሲስተም አድርጋ የሞከረችው አንድ ፊልተር ነው፤ ከዚህ የቀለለ የለም። የቀድሞው ውጤት በ0.9 ይባዛል፣ አዲሱ ግቤት ይደመርበታል፣ አለቀ። 1,000 ነጥብ ያለው ሲግናል እያስገባች 2,000 ዙር አስኬደችው። ከዚያ በየነጥቡ የ2,000ውን ዙር አማካይና ቫሪያንስ (ዋጋዎቹ ከአማካያቸው የሚበተኑበትን መጠን) አወጣች። የጠበቀችው ሁለት ቀጥ ያሉ አግድም መስመሮችን ነበር፤ አማካዩ 0 ላይ፣ ቫሪያንሱ 5.26 ላይ። የመጣላት ግን ከታች ተነስቶ እየወጣ ኋላ የሚተኛ ጥምዝ ነው። አማካዩ ከ0.5 ተነስቶ 5 ላይ ቆመ። ቫሪያንሱ ከ0.08 ተነስቶ 0.44 አካባቢ ቆመ። ከሁለቱ አንዱም አላማረም። የተሳሳተው ቲዎረሙ ነው ወይስ ፓይተን? ጥያቄዋ ይኼ ነው። ሦስተኛ ተጠርጣሪ ሊኖር እንደሚችል የሌሊቱ ሰዓት አላሳሰባትም።

ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውን ከነመልሶቹ፣ ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔም ውስጡ አለሁበት፣ ያውም በማያኮራ ቦታ። እደርስበታለሁ።

1ኛው መልስ የቀልደኛ ነው። ስቴሽነሪ የምትለዋን ቃል ብቻ አይቶ ዘው አለና ባለ መቶ ቅጠል ደብተር ስንት እንደገባ ጠየቀ። ምን ይደረግ፣ በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ያለ ሱቅ ሁሉ ታፔላው ላይ የሚጽፈው ይህንኑ ቃል ነው። 2ኛው ሳቀለት። 3ኛው ተቆጣ፤ ሰው ከልቡ ሲጠይቅ ማላገጥ ነውር መሆኑን ባጭሩ አስታወሰ።

4ኛው ቁምነገረኛ ነበር። ኮዱን ሳያይ የሚፈርድ ሰው ሐኪም ሆኖ በስልክ መርፌ እንደሚወጋ መሆኑን ጽፎ ኮዷን ጠየቀ። 5ኛው እሷው ራሷ ናት፤ ኮዱን ለጠፈች። አሥራ አንድ መስመር።

6ኛው መልስ ሌባውን ያዘው። ልጅቷ የዘፈቀደ ቁጥሮቿን ያወጣችው በናምፓይ (የፓይተን የስሌት ላይብረሪ) ራንድ ነው። ራንድ ከ0 እስከ 1 ያሉትን ቁጥሮች እኩል ዕድል ሰጥቶ ይበትናል፤ አማካያቸው 0.5 ነው፣ ቫሪያንሳቸው ደግሞ አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ ማለትም 0.083። እሷ የፈለገችው አማካዩ 0፣ ቫሪያንሱ 1 የሆነውን ጋውሲያን (በደወል ቅርጽ የሚበተነውን) ነው። እሱ የሚወጣው በራንድኤን ነው። አንዲት ፊደል ጎድላ ነው ይኼ ሁሉ ጣጣ።

እኔ ግን የወደድኩት ቀጥሎ የጻፈውን ነው። ቲዎረሙን ከመከላከል ይልቅ በስህተቷ አስመሰከረለት። የውጤት አማካይ ማለት የግቤት አማካይ ሲባዛ በፊልተሩ የዲሲ ጌይን (ለማይለዋወጥ ግቤት ባለው ማባዣ) ነው። የዚህ ፊልተር የዲሲ ጌይን 1 ሲካፈል ለ0.1፣ ማለትም 10 ነው። 0.5 በ10 ሲባዛ 5። የተጠቀሰችው 5 ከሰማይ አልወረደችም ማለት ነው። ቫሪያንሱም እንዲሁ፤ ግቤቱ ነጭ ኖይዝ (ነጥቦቹ እርስ በርስ የማይዛመዱ ዘፈቀደ ሲግናል) ሲሆን ይህ ፊልተር ቫሪያንስን በ5.26 ያበዛል፤ 0.083 በ5.26 ሲባዛ 0.44። ልጅቷ ቲዎረሙን ለመክሰስ ያመጣችው ማስረጃ ራሱ ለቲዎረሙ መሰከረ።

7ኛው መልስ የእሷ ነው። አስተካከለችው። አማካዩ አሁን 0 ላይ ተኛ። ቫሪያንሱም 5.26 ላይ ይደርሳል። ግን አሁንም ከ1 ተነስቶ እየወጣ ነው የሚደርሰው! ያ ጥምዝ አልጠፋም። በጊዜ የሚለወጥ ቫሪያንስ ያለው ነገር ደግሞ ስቴሽነሪ ሊባል አይችልም።

እውነቷን ነው። አንዳንዶች ራንዱ ከተያዘ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ወጥተው ሄደው ነበር። ዋናው ጉዳይ ገና አልተነካም።

8ኛውን መልስ የጻፉት አንድ አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸውን በራዲዮ ጥገና የፈጁ፣ ሲጽፉም ለልጆቻቸው እንደሚያጫውቱ። ክሩ ውስጥ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። የእሳቸው ነጥብ ቲዎረሙ ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ የማያነባት አንዲት ቅድመ ሁኔታ እንዳለች ነው። ሲግናሉ መግባት የጀመረው ከዘላለም በፊት ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው። ድምሩ ከአሉታዊ ኢንፊኒቲ ይጀምራል። የልጅቷ ፊልተር ግን ሥራ የጀመረው በዜሮኛው ነጥብ ላይ ነው፣ ከባዶ። በመጀመሪያው ነጥብ ላይ የሚያስታውሰው ትናንት የለውም፤ ስለዚህ ቫሪያንሱ የራሱ የግቤቱ ነው፣ 1። በቀጣዩ 1.81። ከዚያ 2.47። ከአሥር እርምጃ በኋላ 4.74፣ ከሃያ በኋላ 5.20። በየእርምጃው ትዝታ እየተጠራቀመ ነው። ወተቱን አሁን ቅል ውስጥ ጨምሮ አሁኑኑ እርጎ መጠበቅ አይቻልም፤ መጀመሪያ ይርጋ። በነገራችን ላይ ስቴሽነሪ ለሚለው ቃል እሳቸው የሚጠቀሙት የረጋ የሚለውን ነው።

እዚህ ላይ ክሩ ሞቀ። 9ኛው በጋሼ ተስማምቶ አንድ ነገር ጨመረ። አማካዩና ቫሪያንሱ የሚረጉበት ፍጥነት አንድ አይደለም። የአማካዩ ጉድለት በየእርምጃው በ0.9 ይባዛል፤ የቫሪያንሱ ግን በ0.9 ካሬ፣ በ0.81። ቫሪያንሱ በእጥፍ ፍጥነት ይረጋል። የመጀመሪያው ሥዕሏ ላይ ሁለቱን ጥምዞች ጎን ለጎን ብታስተያያቸው ይህንኑ እንደምታይ ነገራት። ምክሩም ቀላል ነው፦ የመጀመሪያዎቹን 100 ነጥቦች ትጣላቸው።

10ኛው መጣሉ አልተዋጠለትም። እንደሱ አባባል መጣል የሰነፍ ዘዴ ነው። የፊልተሩን መነሻ ዋጋ 0 ከማድረግ ይልቅ ቫሪያንሱ 5.26 ከሆነ ጋውሲያን በዕጣ ማውጣት ይቻላል። ያኔ ውጤቱ ከመጀመሪያዋ ነጥብ ጀምሮ ስቴሽነሪ ነው። ስሌቱም አያሻማም፤ 5.26 በ0.81 ሲባዛ 4.26፣ 1 ሲደመርበት ተመልሶ 5.26። ጋሼ ወዲያው ገብተው (ይህ 11ኛው ነው) ይህ ማለት እርሾ መጣል ማለት እንደሆነ ጻፉ። ከትናንቱ የተረፈች ጭላፊ ካለች ወተቱ ቶሎ ይረጋል። ይህን ያህል የሚገጥም ምሳሌ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

12ኛው ግን በወተቱ ተማረረ። ምህንድስና በምህንድስና ቋንቋ እንዲሆን ጠየቀ፤ ረጋ፣ እርሾ፣ ቅል እየተባለ ፈተና እንደማይታለፍ ጭምር። 13ኛዋ አልለቀቀችውም። ስቴሽነሪን በእንግሊዝኛ ሸምድዶ ፈተና ካለፈ በኋላ ምን ማለት እንደሆነ የጠፋበት ሰው በዚሁ ክር ከላይ ደብተር ሲገዛ መታየቱን አስታወሰችው። ቀጥላ ወደ ቁምነገሩ ገባች፤ ሰዎች ስቴሽነሪንና ኤርጎዲክን (የአንዱ ዙር የጊዜ አማካይ ከዙሮች ሁሉ አማካይ ጋር የሚገጥምበትን) እያምታቱ እንደሆነ ጠቆመች። (እርጎና ኤርጎዲክ በአንድ ክር ውስጥ መገናኘታቸውን ከእኔ በቀር ልብ ያለው የለም መሰል። ወይ ደግሞ ሁሉም አፍሮ ዝም አለ።) ምሳሌዋ የኦፕአምፕ (የማጉያ ቺፕ) ካርቶን ነው። እያንዳንዱ ኦፕአምፕ የራሱ የሆነ ጥቂት ሚሊቮልት ኦፍሴት (መዛነፍ) አለው፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ካርቶኑን ሙሉ ከለካችሁ አማካዩ 0 አካባቢ ነው። አንዱን አውጥታችሁ ቀኑን ሙሉ ብትለኩት ግን የምታገኙት የራሱን ኦፍሴት ነው፤ መቼም ወደ 0 አይሄድም። ነገሩ ስቴሽነሪ ነው፣ ኤርጎዲክ ግን አይደለም። ልጅቷ በጊዜ ሳይሆን በዙሮች መካከል አማካይ መውሰዷ ስለዚህ ትክክል ነበር። ጥያቄውን ከለጠፈች ጀምሮ የተመሰገነችበት የመጀመሪያ ነገር ይኼ ነው።

14ኛው መልስ የኔ ነው።

ከሶፍትዌሩ ወጣ ብለን እውነተኛ ዕቃ እንይ ብዬ ተነሳሁ። ሬዚስተር በሙቀቱ ምክንያት ብቻ ኖይዝ ያመነጫል። ሬዚስተርና ካፓሲተር ስታገናኙ ደግሞ የራሱን ኖይዝ በራሱ ሎው ፓስ (ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲን በሚያሳልፍ) ፊልተር የሚያሳልፍ ዕቃ አገኛችሁ ማለት ነው። እስከዚህ ጥሩ። ከዚያ 1 ኪሎ ኦሙን በ10 ኪሎ ኦም ብትቀይሩት ካፓሲተሩ ላይ የምትለኩት ኖይዝ ያድጋል ብዬ ጻፍኩ። በእርግጠኝነት።

15ኛው አልራራልኝም። ኢንተግራል ወስጄ አውቅ እንደሆነ በመጠየቅ ጀመረ። ሬዚስተሩ በአሥር እጥፍ ሲያድግ የኖይዙ የፓወር ስፔክትረም (ፓወሩ በየፍሪኩዌንሲው የተከፋፈለበት ሥዕል) በአሥር እጥፍ ያድጋል፤ እዚህ ድረስ እውነቴን ነበር። ነገር ግን ፊልተሩ የሚያሳልፈው ባንድዊድዝ በዚያው ልክ በአሥር እጥፍ ይጠባል። ሁለቱ ይጣፋሉ። የሚቀረው ቦልትዝማን ኮንስታንት በሙቀት ተባዝቶ ለካፓሲተሩ ሲካፈል ነው፤ ሬዚስተሩ ቀመሩ ውስጥ የለም። ቁጥሩንም አስቀመጠልኝ። ካፓሲተሩ 1 ናኖፋራድ፣ ሙቀቱ 300 ኬልቪን ይሁን። በ1 ኪሎ ኦም ኖይዙ በአንድ ስኩዌር ሩት ኸርዝ 4.07 ናኖቮልት ነው፣ የኖይዝ ባንድዊድዙ 250 ኪሎኸርዝ። በ10 ኪሎ ኦም 12.9 ናኖቮልት፣ ባንድዊድዙ 25 ኪሎኸርዝ። ሁለቱንም አስሉት፤ 2 ማይክሮቮልት ገደማ። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። 2 ማይክሮቮልት። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ጽሑፌን ግን አልሰረዝኩትም፤ ሌላው ይማርበት።

16ኛው የታሪክ ሰው ነው። የዚህ ኖይዝ ልኬት የጆንሰን፣ ትንታኔው የናይኩዊስት መሆኑን፣ ሁለቱም በ1928 እ.ኤ.አ. እንደታተሙ ተረከ። ከዚያ ኦቶኮሪሌሽንን (ሲግናሉ በጊዜ ርቀት ከራሱ ጋር ያለውን ዝምድና) ከፓወር ስፔክትረም ጋር በፎሪየር (ሲግናልን ወደ ፍሪኩዌንሲዎቹ በሚበትነው ስሌት) ወደሚያያይዘው ቲዎረም ተሻገረ፤ ዊነር በ1930፣ ኪንቺን በ1934 እንደጻፉበት፣ አንስታይን ግን ሐሳቡን በ1914 በአጭር ጽሑፍ ነካ አድርጎት እንደነበር። 17ኛው አቋረጠው። የልጅቷ ኮድ በአንስታይን እንደማይሰራ ገልጾ ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ ጠየቀ። ትንሽ ነውር ያለበት አነጋገር ነው፤ ግን አሥራ አምስት መስመር ታሪክ ያነበበ ሁሉ ላይክ አደረገለት።

18ኛው የልጅቷ ነው፣ አዲስ ጥያቄ። የውጤቱን ስፔክትረም ስትስለው ከቀመሩ ጋር አልገጠመም፤ ጥምዙ ማማር ሲገባው እንደ ቁልቋል እሾህ በእሾህ ሆነ። ነጥቦቹን ከ1,000 ወደ 100,000 ብታሳድግም እሾሁ በዛ እንጂ አልቀነሰም።

ጋሼ በ19ኛው ስለ ቀመሩ ስሜት ሰጡ። የድሮ ራዲዮ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ አቁማችሁ ሽ… የሚለውን ድምፅ ስሙት። የቶን መቆጣጠሪያውን አዙሩት። የሽታው ቀለም ይለወጣል ብለው አንድ የሚያስቅ ስህተት ጻፉና ራሳቸው አረሙት፤ የሽ… ድምፁ ቀለም ለማለት ነው። ከአየሩ የሚገባው ያው ነው። የተለወጠው ፊልተሩ ነው። እያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ የሚወጣው በፊልተሩ ምላሽ መጠን ካሬ ተባዝቶ ነው። በልጅቷ ፊልተር ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ በ100 ይባዛል፣ ከፍተኛው ደግሞ በ0.277። ለጆሮ ይህ ወፍራም፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ሹክሹክታ ነው። 20ኛው የካሬው ነገር አንገብግቦታል፤ ፈተና ላይ ካሬዋን ረስቶ ሙሉውን ጥያቄ ዜሮ ያገኘ ነው። የምንለካው ፓወር እንጂ ቮልቴጅ ስላልሆነ ነው ካሬ የሚመጣው፤ ፌዙም (ሞገዱ ከዑደቱ የት ላይ እንዳለ የሚናገረው) ለዚህ ነው ደብዛው የሚጠፋው።

ስለ እሾሁ የመለሰችው 21ኛዋ ናት። ኮዱ ጤነኛ ነው። አንድ ሙሉ ሲግናል ፎሪየር ተደርጎ መጠኑ ካሬ ሲደረግ በየፍሪኩዌንሲው ያለው መዋዠቅ ራሱ የሚለካውን ያህል ነው። ሲግናሉን ማስረዘም ብዙ ፍሪኩዌንሲ ይሰጣል እንጂ መዋዠቁን አያበርደውም። መፍትሔው 100,000ውን ነጥብ ባለ 1,000 ነጥብ መቶ ቁራጭ ማድረግና የቁራጮቹን ስፔክትረም አማካይ መውሰድ ነው። መዋዠቁ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ቁራጮቹን አደራርቦ በዊንዶው (ጫፎቹን በሚያደበዝዝ ማባዣ) የሚያለሰልሰው የዌልች ዘዴ፣ የ1967ቱ፣ ሳይፓይ በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

22ኛው ከሜሪላንድ ነው፣ ከርዕስ ወጣ ያለ። ግን ከክሩ ሁሉ የሚጣፍጠው ታሪክ የእሱ ነው። አሜሪካ ተማሪ ሳለ ከመብራት መስመር የሚመጣውን እምም የሚል ድምፅ የሚቆርጥ ኖች ፊልተር ሠራ። ጥሩ ሠራ፤ 60 ኸርዝን ብቻ ለይቶ የሚቀነጥስ። ለእረፍት አዲስ አበባ ሲመጣ ለአክስቱ ልጅ ሊያሳየው ሻንጣው ውስጥ ከተተው። ሶኬት ላይ ሰኩት። እምም። ሽቦዎቹን ነካኩ፣ መሬቱን ቀየሩ፣ ግማሽ ቀን ሄደ። የልጁ አባት በበሩ ሲያልፉ መብራታችን 50 ኸርዝ አይደለም ወይ ብለው ጠይቀው ወደ ቡናቸው ሄዱ። 23ኛው ቁጥር ሠራለት፤ የፊልተሩ ኪው (የቆረጣው ጥበት መለኪያ) 30 ከነበረ 50 ኸርዝ 99.6 በመቶው ሳይነካ ያልፋል። ኖቹ ሥራውን አልበደለም፣ አገር ነው የተሳሳተው።

24ኛው እዚህ ላይ ጠበቅ ያለ ጥያቄ አነሳ፤ ሳይን ሞገድ ስቴሽነሪ ነው እንዴ? 13ኛዋ ተመልሳ (25ኛው) መለሰችለት። መነሻ ፌዙ የታወቀ ከሆነ አይደለም፣ አማካዩ ራሱ በጊዜ ይወዛወዛልና። ሶኬቱን የሰካነው በየትኛው ቅጽበት እንደሆነ ሳናውቅ፣ ፌዙ ከዙሩ ሁሉ እኩል ዕድል ካለው ግን ስቴሽነሪ ነው። ያው ሞገድ ነው፤ የተለወጠው የእኛ እውቀት ነው።

26ኛው የጠያቂዋ ሪፖርት ነው። እርሾውን ጥላበታለች። አማካይ 0.03፣ ቫሪያንስ 5.31፣ ከመጀመሪያው ነጥብ ጀምሮ ቀጥ ያለ መስመር። ስፔክትረሙም በዌልች አምሮባታል። ሁሉንም አመሰገነች፣ ባለ ደብተሩን ሳይቀር። ከዚያ አመል ሆኖባት ሌላ ጠየቀች፦ 0.9ን በ1 ብትተካውስ?

27ኛው ጋሼ ናቸው። ያ ወተት አይረጋም። 1 ሲሆን ፊልተሩ ምንም አይረሳም፤ የገባው ሁሉ ይደመራል፣ ቫሪያንሱ በየነጥቡ በ1 እየጨመረ ይሄዳል፣ ማረፊያ የለውም። ሲስተሙ ስቴብል (ትዝታው በጊዜ የሚከስም) ካልሆነ ቲዎረሙም ቃል አልገባላችሁም። በኦፕአምፕ ንጹሕ ኢንተግሬተር ገጥመው የሚያውቁ ሰዎች ውጤቱ ቀስ እያለ ሄዶ የሰፕላዩ ጫፍ ላይ ሲለጠፍ አይተዋል። ለዚህም ነው ከካፓሲተሩ ጎን ትልቅ ሬዚስተር የሚደረገው፤ ትንሽ እንዲረሳ።

ልጅቷ 1ን ትታ 0.999 ሞከረች። ሥዕሉን 27ኛው መልስ ሥር ለጠፈችው። የዚህ ማረፊያ 500 ነው፤ ጥምዙ ግን በ1,000ኛው ነጥብ 430 አካባቢ ደርሶ ገና ሽቅብ እያየ የሥዕሉ ጠርዝ ቆረጠው። እርሾውን ረስታዋለች።

28ኛው ባለ ደብተሩ ነው። ክዳኑን ገጥማ እስከ ጠዋት እንዳትነካው መከራት።